ራሱ ማርሽ የሚለውጥ አሮጌ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

የወላይታ ገበሬ በሬ ሊገዛ ወደ ሶዶ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሱን ይቈጥራል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጥቂትም ያስኬደዋል። አውቶሞቢል የሚገዛው የከተማ ሰው ግን የበሬውን ዋጋ ብዙ እጥፍ እየከፈለ፤ ቀለሙንና የወንበሩን ልብስ ብቻ አይቶ ይዋዋላል። ይህ ነገር እጅግ ያስገርማል።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ ማዕከል ከሆነች ወዲህ፤ ለሥራ የሚመላለስ ሰው አውቶሞቢል ቢሻ አይፈረድበትም። አዲስ መግዛት ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡት አሮጌዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት ኮሮላና ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ያረጃሉ፤ 200,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ለሽያጭ የሚቀርበውም ጥቂት አይደለም።

ማርሹን ራሱ የሚለውጥ ካምቢዮ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጄኔራል ሞተርስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ሃይድራማቲክ ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። ባለ ፍሪሲዮኑ ቢደክም አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ይለወጥለታል፤ ነገሩም ያልቃል። አውቶማቲኩ ግን ብዙ ሸራዎች በሆዱ ውስጥ ተደራርበው በዘይት ግፊት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፤ አንዱ ሲበላ ሁሉን መፍታት ያስፈልጋል። ዘይቱም የሞተሩን ኀይል ያስተላልፋል፤ ሸራዎቹን ያጣብቃል፤ ሙቀቱንም ያወጣል። ስለዚህ ገዥው አስቀድሞ ዘይቱን ይይ። ቀይና ጥሩ ከሆነ መልካም ነው፤ ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ሸራው መበላቱን ይናገራል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸውም አሉና፤ ያን ጊዜ መካኒክ ከሥር ከፍቶ ያሳይ። አንዳንዱ ቪትዝ በማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ፤ ሲ ቪ ቲ የሚባል ካምቢዮ አለው፤ የዚህ ዘይት ሌላ ነው፤ የተራውን ዘይት የጨመረበት ሰው ካምቢዮውን ያበላሻል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ቢጠብቅ፤ ይህ ራሱ ጥያቄ ነው። ማርሹ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሲዛወር ዘግይቶ ቢይዝ፤ ወይም ገጭ ብሎ ቢይዝ፤ አይግዙት። ቀጥሎ በከተማ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን ወደ ሁምቦ ጠበላ ወርዶ መመለስ ይገባል፤ የተሰበረው ነገር የሚታየው ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፤ ወደ ሶዶ በሚወጣው ዳገት ላይ ነውና። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ፤ ሸራው ይንሸራተታል ማለት ነው።

የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ግን ብዙም አይታመን፤ ወደ ኋላ የሚመልሱት ሰዎች አሉና። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ተበልቶ፤ የመሪው ቆዳ ልሶ፤ ቍጥሩ 80,000 ቢል ማን ያምናል? በእኔ አስተያየት ዘይቱ በየጊዜው የተለወጠለት 250,000 የሄደ ካምቢዮ፤ ዘይቱ አንድ ቀን ካልተለወጠለት 120,000 ይሻላል። «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን ቃል የካምቢዮው ዕድሜ ነው ብሎ መስማት ይገባል። አሮጌ ዘይት ቢለወጥ ካምቢዮው ይሞታል የሚለው ወሬም በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ የተበላውን ሸራ ዘይቱ አልበላውም፤ ነገር ግን በመኪና ግፊት ከማጠብ፤ ጥቂት ጥቂት አውጥቶ መተካት ይሻላል።

ካምቢዮው ቢሞት ሸክሙ የቤቱ ነው። መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ መንገዱም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶማቲኩን ደግሞ የሚነዱት ጐማዎቹ መሬት እየነኩ በገመድ መጐተት አይቻልም፤ በጭነት መኪና መጫን አለበት። ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ፤ የወይዘሮዋም እቁብ በዚህ ያልቃል። ስለዚህ ወይዘሮዋን ሳያማክር የሚዋዋል ባል አንድ ፊርማ ቢፈርምም ሁለት ሰው ዕዳ ውስጥ ይጥላል።

ስለ ውሉ በፍርድ ቤት ከማየው ጥቂት ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዥም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። «እንዳለ ተረክቤአለሁ» ብሎ የፈረመ ግን፤ ሻጩ አውቆ እንደ ደበቀ ማስረዳት ይኖርበታልና መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የካምቢዮው ሁኔታ በውሉ ላይ በግልጥ ይጻፍ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ አውቶሞቢሉ በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙም ገንዘቡ ከመቈጠሩ በፊት ይጠየቅ።