ፋሲል ሳይቆም ኢያሱ?

«ስማኝማ፣ ልጁ ክላስ ውስጥ አንድም ስህተት የለም፤ ኮምፓይለሩ ግን በቀይ ያሰምርብኛል» አለኝ ጓደኛዬ፣ ጎንደር አራዳ ላይ ቡናችን ሳይቀርብ ላፕቶፑን ከፍቶ።

አየሁለት። «ጣጣው ከአባትየው ነው። ስም የሚቀበል ኮንስትራክተር ጽፈህለታል፤ ልጁ ደግሞ አባቱን ሳይጠራ ሥራ ጀመረ።»

«ወርሶታል እኮ!»

«ሜተዱን ነው የወረሰው። ኮንስትራክተር አይወረስም። ሱፐር ብለህ ካልጠራኸው ጃቫ ራሱ ባዶ እጁን ሄዶ ይጠራልሃል፤ አባትየውም ‹ስም ካላመጣህ አልነሣም› ይለዋል።»

«ከታች ብጠራውስ?»

«አባት ይቀድማል። የፋሲልን ግቢ አታየውም? ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሦ ኋላ ግንቡን አቆመ፤ በ1667 ልጁ ዮሐንስ፣ በ1682 የልጅ ልጁ ኢያሱ ነግሠው በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ጨመሩ። ሦስቱን ክላስ አድርገህ፣ ዮሐንስ ከፋሲል፣ ኢያሱ ከዮሐንስ እንዲወርሱ ብትጽፍ፣ ኢያሱን በ‹ኒው› ስትፈጥር ጥሪው እየወጣ ፋሲል ዘንድ ይደርሳል። ሥራው ግን ከፋሲል ጀምሮ ነው የሚወርደው።»

ሳቀ። «እንግዲያው ኢያሱ ሱፐር ነጥብ ሱፐር ብሎ አያቱን ያናግራላ!»

«ጃቫ አይፈቅድም፤ አንድ ደጅ ብቻ ነው የምትጠናው። ዮሐንስ የፋሲልን ሜተድ በራሱ ከተካው፣ ኢያሱ በሱፐር የሚያገኘው የዮሐንስን ነው። ፕራይቬት የተባለውንማ ልጅም ቢሆን በቀጥታ አይነካውም፤ ፕሮቴክትድ ከሆነ ይደርስበታል።»

«ይህን የውርስ ነገር ማን አመጣብን?»

«ኖርዌያውያኑ ዳል እና ኒጎር፣ ሲሙላ 67 በሚባለው ቋንቋቸው።»

«ፓይተን ይሻለኛል፤ እንዲህ አይጨቀጭቅም።»

እዚህ ላይ አልተስማማንም። ፓይተን፣ ልጁ የራሱን ኮንስትራክተር፣ ማለትም ኢኒትን፣ ከጻፈ፣ የአባቱን አይጠራለትም፤ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ከስንት መስመር በኋላ አባትየው ሊያስቀምጠው የነበረውን ስም ሲፈልግ ያጣውና ይወድቃል። ያን ጊዜ ስህተቱን ፍለጋ ሌሊት ነው። እኔ ገና ከበሩ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

«እሺ፣ ከሱፐር በፊት አንዲት መስመር እንኳ አይቻልም?»

«ድሮ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጃቫ 25 ግን ፈቅዷል። የመጣው ስም ባዶ ከሆነ አባትየው ዘንድ ሳይደርስ መመለስ ትችላለህ። ገና ያልተሠራውን ኦብጀክት ማንበብ ግን ክልክል ነው።»

«እኛ ላብ ውስጥ ያለው እኮ ጃቫ 8 ነው» አለና ሱፐርን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈ።