ይቅር ያልናት ሴትዮ

ባለፈው የበዓል ሰሞን ቤተሰቤን ይዤ ጎረቤላ ሄጄ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ ለምታውቁ የጎረቤላን ማታ መግለጽ አያስፈልገኝም። ለማታውቁ ግን፣ እዚያ ከመሸ በኋላ ደጅ የሚያስቆም ጉዳይ የለም። በር ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ የገብስ ቆሎ መሃል ይቀመጣል፣ ከዚያ ወሬ ነው። በዚያን ቀን ወሬው ላይ ፊልም ጨመርንበት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሆነችው የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ወንበር ላይ አስቀምጣ “ካን ዩ ኤቨር ፎርጊቭ ሚ?” የሚለውን ፊልም ከፈተችልን። ርዕሱ ባጭሩ “ይቅር ትሉኛላችሁ?” እንደማለት ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን እውነተኛ ታሪክ ነው። ሊ ኢዝራኤል የኒው ዮርክ ደራሲ ነበረች። የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ትጽፋለች፤ በ1979 ስለ ጋዜጠኛዋ ዶሮቲ ኪልጋለን ያሳተመችው መጽሐፍ በደንብ ተሽጦላታል። በ1985 ስለ ኤስቴ ላውደር የጻፈችው ግን ወደቀ። ከዚያ ገንዘቡም ጠፋ፣ ጠያቂም ጠፋ፣ ድመቷም ታመመች። ለድመቷ ማሳከሚያ ብላ የአንዲት ታዋቂ ተዋናይትን የቆየ ደብዳቤ ሸጠች። ደብዳቤው ትንሽ ጨው ቢኖረው የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ስትረዳ፣ ጨው ጣል አደረገችበት። (እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ጋቢዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ።) ቀጥላ አሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች ገዝታ በሞቱ ደራሲያን ስም ራሷ መጻፍ ጀመረች። ወደ 400 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጽፋ ሸጣለች። የፊልሙ ርዕስ እንኳ የተወሰደው እሷ በዶሮቲ ፓርከር ስም ከፈጠረችው ደብዳቤ ነው።

እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ የእህቴ ልጅ እያስተረጎመች ነው የተከታተሉት። ፍርዳቸው ግን ከሁላችንም ቀድሞ ወጣ። “ለድመቷ ብላ እኮ ነው፤ ምን ታድርግ?” ድመቷ ስትሞትማ ፊልሙን ለትንሽ ጊዜ አስቆሙን።

ባለቤቴ ገዢዎቹን አላዘነላቸውም። “የሞተ ሰው ደብዳቤ በዶላር ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ቢታለል ምን ይሆናል? ደብዳቤው ጥሩ ነው አይደል? ሳቁበት፣ ወደዱት፣ ከፈሉበት” አለ። የእህቴ ልጅ ሴትዮዋን እንዲያውም አደነቀቻት፤ የአራት አምስት ሰው አንደበት አጥንቶ መጻፍ ቀላል አይደለም አለች። አጎቴ ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩት መምህር፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። “ቦታ ያጣች ጎበዝ ናት!” አሉ። ሊ ከቤተ መጻሕፍት እውነተኛ ደብዳቤዎችን ሰርቃ በቦታቸው ቅጂ የምትተካበት ክፍል ላይ ብቻ ትንሽ ፊታቸው ጠቆረ። መጽሐፍ የሚሰርቅ ሰው አይወዱም። ፍርድ ቤቱ በ1993 የስድስት ወር የቤት ውስጥ እስርና የአምስት ዓመት ገደብ ሲፈርድባት ግን ሁላችንም በቃት አልን። እኔም ይቅር ብያታለሁ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከስልኬ አንድ ነገር አነበብኩላቸው። በኖኤል ካዋርድ ስም ከጻፈቻቸው ሁለቱ፣ በ2007 በታተመው የካዋርድ ደብዳቤዎች ስብስብ ውስጥ እንደ እውነተኛ ገብተው ነበር። አዘጋጁም አልለየውም፣ አንባቢውም። ባለቤቴ “አየሽ፣ ይሄ እኮ ምስክርነት ነው!” ብሎ ሳቀ።

ያኔ ነው የእህቴ ልጅ ሳታስበው ቤቱን ያቀዘቀዘችው። “እኛም ጋ አለ እኮ። ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ።”

ጋሼ የያዙትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሱ።

ለማታስታውሱት ነገሩ እንዲህ ነው። ሐተታው በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ገብቶ፣ በኋላ እንፍራንዝ የኖረ ፈላስፋ የጻፈው ተብሎ የሚታወቅ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ሁሉንም ነገር በልቡና መርምር ይላል፤ ጋብቻን ያከብራል፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። ጋሼ ለስንት ተማሪ “ዴካርት ዴካርት አትበሉ፣ የራሳችን አለን” እያሉ አስተምረውታል። መጽሐፉ ለዓለም የተገለጠው ግን በ1850ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) በአንድ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ በኩል ነው፤ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይባላል። በ1846 ከእነ ማስያስ ጋር ወደ አገራችን የመጣ ነው፤ በኋላ በዚሁ በእኛ በሸዋ፣ ከምኒልክ ዘንድ ዓመታት ከተቀመጠው ከማስያስ ጋር። ጁስቶ በጌምድር ሆኖ ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ በ1853 ሐተታውን ላከለት። ዛሬ ፓሪስ ከሚገኙት ሁለት ቅጂዎች አንዱ በራሱ በጁስቶ እጅ የተጻፈ ነው። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ “ደራሲውም ራሱ ጁስቶ ነው” ብሎ ጻፈ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የመነኩሴው የልደት ስም ነው፤ ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ።

“ኮንቲ ሮሲኒ!” አሉ ጋሼ። “እሱን ደግሞ ማን ብለሽ ነው የምትጠቅሺው? ኤርትራ ውስጥ የቅኝ ግዛት ሹም የነበረ ሰው! ጣሊያን ሊወረን ሲል በ1935 ኢትዮጵያ መሠልጠን አትችልም ብሎ የጻፈ ሰው! ጥቁር ሰው ሊያስብ አይችልም የሚል ሰው መጽሐፋችንን ቢነጥቀን ይገርምሻል?”

በዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ ሰውየው ያንን ጽፏል። ግን የጠያቂው ክፋት ጥያቄውን አይሰርዘውም። ያንን የጣሊያን ክርክር የሚደግሙ፣ ከቅኝ ግዛት ጋር ጉዳይ የሌላቸው የዘመናችን ተመራማሪዎችም አሉ፤ ፈረንሳዊቷ አናይስ ቪዮን አንዷ ናት። በሌላ ወገን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር የመነኩሴውን ጽሑፎችና የሐተታውን ቋንቋ አነጻጽረው “ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው” ብለዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ የሸንኮራው ልጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩ ኖረው በ2017 ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ሐተታው የኢትዮጵያዊው ነው፣ የመነኩሴው እጅ ግን ገብቶበታል ወደሚል መጡ። በዚያ ዕድሜና በዚያ ዕውቀት “ተሳስቼ ነበር” ማለት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ በረድ አሉ። ግን የእህቴ ልጅ አልለቀቀቻቸውም፤ የዛሬ ልጅ አይደለች። “ጋሼ፣ ቅድም ለሴትዮዋ ጽሑፉ ጥሩ ከሆነ ማን ጻፈው ምን ያደርጋል ተባብለን ነበር። እርስዎም ስቀዋል። ሐተታውም ጥሩ ነው፤ እና መነኩሴው ቢጽፈው ምን ይላሉ?”

ማንም አልመለሰላትም። ባለቤቴም ድምፁ ጠፋ። ጋሼ ከቆይታ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ “ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነዋ” ብቻ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ስለ ፊልሙ የተናገርነው ሁሉ ቀላል የሆነብኝ። ሊን ይቅር ያልናት የደብዳቤዎቹ ገዢዎች እኛ ስላልነበርን ነው። የማናውቀው ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ነበር የተጭበረበረው። ጋሼ ጋር ግን ከወረቀቱ ጀርባ ስም አለ፤ በዚያ ስም ደረታቸውን ነፍተው ክፍል ውስጥ የቆሙበት ዘመን አለ። ጽሑፉ አንድ ፊደል ሳይቀየር ስሙ ብቻ ቢነሣ የሚጎድለው ለእሳቸው ነው። ባለቤቴ “ጽሑፉ ያው ነው” ሊል ይችላል፤ ያን ዕለት ማታ ግን አጠገባቸው ተቀምጦ አላለም።

እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ጋቢው ይሁን ጨለማው አናገረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ምግብ እናስተዋውቅ ነበር። በራሪ ወረቀቱ ላይ “ከደንበኞቻችን” የሚል ቦታ ነበረው፤ ጊዜ ስላጠረን ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። የሦስት ልጆች እናት ፈጠርኩ። ትንሹ ልጇ ምግብ አልቀምስ ብሎ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ፣ የእኛን ምርት ሰጥታው ዳነላት። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ አለቃዬ ሲያነበው “ልቤን ነካኝ” ብሏል።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። ስለ ምርቱ አልጠየቀችኝም፣ ዋጋም አልጠየቀችኝም። “ያቺን እናት አገናኙኝ። የእኔም ልጅ እንደ እሷ ልጅ ነው። እንዴት እንዳደረገች ልጠይቃት” አለችኝ።

“ከዚያስ ምን አልሻት?” አሉ ጋሼ።

“ስልኳ ተቀይሯል አልኳት።”

ያሰብኩት እንደሚቆጡኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ላፕቶፑን ብቻ ዘጉት። ክፍሉን ጨለማ ሲውጠው እማማ ከጥግ፣ ተኝተዋል ያልናቸው፣ “ልጁስ በላ?” አሉኝ።

“ልጁ እኮ የለም እማማ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።”

“እሱን አይደለም። የደወለችው ልጅ።”

አላውቅም አልኳቸው።