ሥዕሉና ድምፁ አንድ ሰዓት ይኑራቸው



በዛሬው ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሣትና ድምፅ መቅረጽ የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶአል። በኪሱ ስልክ የያዘ ተማሪ ፊልም ለማንሣት ይችላል፤ ኮምፒውተር ያገኘም ዜማ ለማቀናበር ይችላል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። ዳሩ ግን ሥዕሉ በአንድ መሣሪያ፣ ድምፁ በሌላ መሣሪያ ተቀርጾ ሁለቱ በሚገናኙበት ጊዜ፣ ከንፈሩ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ የሚሰማ፣ ከበሮው ከተመታ በኋላ ድምፁ የሚዘገይ ፊልም ብዙ ጊዜ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ይህ ጉድለት በመጨረሻ በግምት የሚጠገን ሳይሆን ከመጀመሪያው በቁጥር የሚጠበቅ መሆን እንዳለበት ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም በታየ ጊዜ፣ ድምፁ ይወጣ የነበረው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ከሚዞር ሸክላ ነበር። ሸክላውና ፊልሙ እኩል ይነሡ ዘንድ ለሁለቱም የመነሻ ምልክት ተደርጎላቸው ነበር። ይሁን እንጂ መርፌው ከመሥመሩ የዘለለ እንደ ሆነ፣ ወይም የተበጠሰው ፊልም ጥቂት ተቆርጦ የተቀጠለ እንደ ሆነ፣ ተናጋሪውና ንግግሩ ይለያዩ ነበር። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሸክላው ቀርቶ ድምፁን በዚያው ፊልም ጠርዝ ላይ ማተም የጸና ልማድ ሆነ፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 24 ሥዕል ሆኖ ተወሰነ። ዛሬ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ሥዕሉን የሚከተሉት በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሴኮንድና በፍሬም በሚቆጠር የጊዜ ቁጥር ነው። ፍሬም የምንለው ከተንቀሳቃሹ ሥዕል አንዱን ብቻ ነው። የሙዚቃ መሣሪያዎች መነጋገሪያ የሆነው ሚዲ በ1983 ወጥቶ፣ በ1987 ይህን የጊዜ ቁጥር ለማስተላለፍ እንዲችል ተደርጓል።

እንግዲህ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም በትንሽ ሒሳብ እንመልከት። አንድ ዜማ በደቂቃ 120 ምት ቢኖረው አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ባለው ፊልም ይህ በትክክል 12 ፍሬም ይሆናል። በሴኮንድ 25 ፍሬም ባለው ግን 12 ከግማሽ ይሆንና ምቱ በሁለት ሥዕሎች መካከል ይወድቃል። አቀናባሪው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ዜማውን በደቂቃ ወደ 125 ምት ከፍ በማድረግ ብቻ እያንዳንዱን ምት እንደገና በ12 ፍሬም ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሁለቱ ፕሮግራሞች በቁጥሩ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ነው። በ25 ፍሬም የተነሣ የ10 ደቂቃ ፊልም በስሕተት በ24 ቢሄድ፣ ሥዕሉ ከሙዚቃው 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ያልቃል።

አንዳንዶች «ተመልካች እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር አያስተውልም» ይላሉ። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ባወጣው ደንብ፣ ድምፅ ከሥዕል ወደ 45 ሚሊ ሴኮንድ ሲቀድም፣ ወይም ወደ 125 ሚሊ ሴኮንድ ሲዘገይ ሰው ማስተዋል እንደሚጀምር ተገልጿል። በ25 ፍሬም ቁጥር አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ነው። እንግዲህ ድምፁ ከአንድ ፍሬም ጥቂት በለጥ ብሎ ቢቀድም እንኳ ይታወቃል ማለት ነው። መዘግየቱን የምንታገሥበትም ምክንያት ግልጥ ነው። ማዶ ሆኖ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስናይ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ድምፁ ይደርሰናል፤ ድምፅ 34 ሜትር ለመሄድ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጅበታልና። መጥረቢያው ሳያርፍ ድምፁ ሲቀድም ግን ያየ ሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የትምህርቱ ነገር ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ክራርና በገና የሚማሩት የባለሙያውን ጣት በስልክ እየተመለከቱ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዜማ አንዱን ምት ለአራት ከፍሎ የሚመታ ባለ ክራር፣ ለአንዱ ድምፅ 125 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ድምፁ በሦስት ፍሬም ቢዘገይ፣ ተማሪው ዓይኑ በአንዱ አውታር ላይ ሳለ ጆሮው የቀድሞውን አውታር ይሰማል። እንዲህ ያለው ፊልም ለጨዋታ ቢሆን ባልከፋ፤ ለአስተማሪነት ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን ቀርጸን እናስቀምጣለን ስንል፣ የምናስቀምጠው ትክክለኛውን መሆን አለበት።

ሌሎች ደግሞ «ውድ መሣሪያ ቢገዛልን ሁሉም ይቃና ነበር» ይላሉ። መሣሪያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት መሣሪያዎች ሁለት ሰዓቶች ናቸው። አንዱ ሰዓት ከሌላው በ50,000 አንድ እጅ ቢፈጥን እንኳ በአንድ ሰዓት ቀረጻ 72 ሚሊ ሴኮንድ ልዩነት ይመጣል። ስልክም ብርሃን ሲያንስና ሲበዛ የፍሬሙን ቁጥር እየለዋወጠ የሚያነሣበት ጊዜ አለ። ይህን ጥንቃቄ እንጂ ገንዘብ ብቻውን አያቃናውም።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የድራማና የሙዚቃ ክበባት አራት ነገር እንዲጠብቁ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ማንም ሳይቀርጽ በፊት የፍሬሙ ቁጥር አንድ ይሁን፤ ድምፁም በሴኮንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ ይሁን። ይህ በ25 ፍሬም ሲካፈል ለአንዱ ፍሬም 1,920 ልክ ያለ ትርፍ ይደርሰዋል። ሁለተኛ፣ በየቀረጻው መነሻና መድረሻ በሥዕሉ ፊት አንድ ጊዜ ይጨብጨብ። እጆቹ የተገናኙበት ፍሬምና ድምፁ የፈነዳበት ቦታ ሲገጣጠሙ ሥራው ተቃና ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የድራማው ክፍል ሥዕሉን ቆርጦ ሳይጨርስ ለአቀናባሪው አይስጥ፤ ሰጥቶም ዳግመኛ አይቁረጥ። ብዙ ጊዜ በሁለቱ ክበባት መካከል ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ አንዱ አምስት ሴኮንድ ሲያሳጥር የሌላው የሳምንት ድካም ከንቱ ይሆናልና። አራተኛ፣ ፊልሙ ሲመረመር መጀመሪያው ብቻ አይታይ፤ መጨረሻው ይታይ። የሁለት ሰዓቶች ልዩነት የሚገለጠው በስተመጨረሻ ነውና።

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደ ተባለ፣ በመነሻው አንድ ደቂቃ የነፈገ ሰው በመድረሻው ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል። ማጨብጨብ ዋጋ አይጠይቅም፤ ቁጥር መስማማትም እንዲሁ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የመጪው ዓመት ፊልማችን ሲነሣ አስቀድመን በአንድ ቁጥር እንስማማ።