ዘግይቶ የመጣ ሂስ ፍርድ እንጂ እርማት አይሆንም

ሂስ የሥራ ጠላት ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ የሚጠቅመው በጊዜውና በቦታው ሲውል ብቻ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ለዚህም ከሰሜን ሸዋ ታሪክ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜትሪዮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ በአንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ ተክሎ ነበር። ወፍጮው እህል ፈጨ፤ ነገር ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ተተወ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ካህናቱን በመንቀፍ የሚያበቃ አይደለም። የተጠቃሚው ጥርጣሬ ከጅምሩ ተደምጦ መልስ ካላገኘ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቃል እርማት ሳይሆን ፍርድ ይሆናል፤ ፍርድ ደግሞ የሚበጀውንና የማይበጀውን ባንድነት ይጥላል።

ዛሬ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው አሠራር ተማሪው በሴሚስተሩ መጨረሻ የመምህራን ምዘና ቅጽ እንዲሞላ ማድረግ ነው። ከዚህ አሠራር ሁለት ቅራኔዎች ይመነጫሉ። አንደኛው የጊዜ ነው፤ ቅጹ ሲሞላ ኮርሱ አልቋል፤ አስተያየቱም ለሰጪው አይተርፍም። ሁለተኛው የሥጋት ነው፤ ተማሪው ለውጤቱ፣ መምህሩ ለዕድገቱ ይሠጋሉ። በመሆኑም አንዱ ሳያነብ በየጥያቄው ከፍተኛውን ቁጥር ይመርጣል፤ ሌላው ፈተናውን ያቀልላል። ቅጹ ይሞላል፤ ዕውቀቱ ግን ይጎድላል።

በምሕንድስና ትምህርት ጉድለት ወረቀት ላይ አይቀርም። በሦስተኛው ሳምንት የሞመንት ስሌት ያልገባው ተማሪ በአሥረኛው ሳምንት ቢም ሊነድፍ አይችልም። ቀመሩን ሸምድዶ ቢያልፍም ጉድለቱን ወደ ሕንፃው ይዞት ይገባል። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው የመውጫ ፈተናም የተከማቸውን ጉድለት ያሳያል እንጂ አይጠግነውም።

ይህ ሲባል ግን ተማሪው ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጥያቄዎችን ራሳቸው እየሠሩ የተማሩ የፊዚክስ ተማሪዎች ገለጻ ካዳመጡት የበለጠ ተምረው ሳለ፣ የተማሩት ያነሰ መስሏቸው ነበር። ድካም አንዳንድ ጊዜ አለማወቅ መስሎ ይሰማልና። ስለዚህ ተማሪው ሊጠየቅ የሚገባው «መምህሩ ጎበዝ ነውን?» ተብሎ ሳይሆን «የትኛው ደረጃ ላይ ተሰናከልህ?» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስሜትን፣ ሁለተኛው ማስረጃን ያወጣል።

ተጨባጩ መፍትሔ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት ይሰብሰብ፤ መምህሩም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚለውጠውንና የማይለውጠውን ከነምክንያቱ በግልጽ ያስረዳ። ይህ ወረቀት ከመምህሩ የዕድገት ማኅደር ፈጽሞ ይለይ። ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ግንባታ ቦታ የሄዱ ተማሪዎችም ሲመለሱ፣ በክፍል ያልተማሩትንና በሥራ ላይ የገጠማቸውን ለትምህርት ክፍላቸው ያቅርቡ። ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተሞላ ኮንክሪት የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። ደጋፊው እንጨት መቼ ይነሣ የሚለውን ጥያቄ ከሥራ ቦታ ይዞ የሚመለስ ተማሪ ኮርሱን ከአካባቢው ጋር ያገናኘዋል።

በአጠቃላይ ጥያቄው የቅጽ ሳይሆን የአመለካከት ነው። መምህሩ ሂስን እንደ ጥቃት፣ ተማሪው ዝምታን እንደ ጨዋነት የሚቆጥሩበት ልማድ መወገድ ይኖርበታል። የአንኮበሩ ወፍጮ ውሃም ድንጋይም አላጣም፤ ያጣው በወቅቱ የተካሄደ ውይይት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ተማሪው ከመመረቁ በፊት፣ ኮርሱም ከማለቁ በፊት ሊጠይቁትና ሊመልሱለት ይገባል።