የሰማይ ጥራጊና የብርሃን መጥረጊያ

ጥራጊ ሲባል አሳባችሁ የሚሄደው ከደጅ ወደ ተከመረው፣ ወይም ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደሚያወርደው ቆሻሻ ይሆናል። ዛሬ የምናወጋው ግን ከአናታችን በላይ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ስለሚዞረው ጥራጊ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሶቪየቶች በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስፑትኒክን ካመጠቁ ወዲህ ሰማዩ ዕረፍት አላገኘም። ስፑትኒክስ በሦስት ወር ውስጥ ወርዳ ተቃጠለች። አሜሪካኖች በ1958 ዓ.ም. የላኳት ቫንጋርድ 1 ግን፣ ክብደትዋ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ሳለ፣ ራዲዮዋ በ1964 ዓ.ም. ዝም ካለ በኋላም መዞርዋን አልተወችም። ከእርስዋ በኋላ የሞቱት ሳተላይቶች፣ የተጣሉት የሮኬት ቀፎዎችና ስብርባሪዎች ቍጥር ግን የዋዛ አይደለም። በራዳር የሚከታተሉአቸው ነገሮች ወደ 40 ሺህ ይደርሳሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉ ሳተላይቶችም አሉ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ስብርባሪ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

አንዲት ብሎን ምን ታደርጋለች የሚል አይጠፋም። በ1983 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችውን መንኵራኵር መስኮት የመታው ብሎን እንኳ አልነበረም፤ የቀለም ቅራፊ ነበር። መስታወቱ ተቦርቡሮ በሌላ ተለወጠ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ኢሪዲየም 33 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይትና የሞተው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ተጋጭተው ከ2 ሺህ የሚበልጥ ስብርባሪ በተኑ። ይህስ አደጋ ነው ይባል። ቻይና በ2007፣ ሩሲያም በ2021 ዓ.ም. የገዛ ሳተላይታቸውን በሮኬት መትተው ማፈራረሳቸውን ግን ምን እንበለው? በሁለተኛው ጊዜ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ሰባት ጠፈረተኞች ወደ መመለሻ መርከቦቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዱ። ዶናልድ ኬስለር የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1978 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ስብርባሪ ሌላውን እየሰበረ፣ ያም ደግሞ ሌላውን እየሰበረ ይሄዳል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ በምትገኝ መንደር፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለውና 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነካም። በ2019 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የአገራችን የመሬት መመልከቻ ሳተላይትም የተሰማራችው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሳተላይት በሚበዛበት ጎዳና ነው።

እንግዲህ መጥረጊያው ምንድን ነው? መረብ በ2018፣ በገመድ የታሰረ ጦርም በ2019 ዓ.ም. ሪሙቭዴብሪስ በተባለችው ትንሽ ሳተላይት ተሞክረዋል። ችግሩ የሞተ ሳተላይት ጸጥ ብሎ አለመቆሙ ነው፤ ይገለባበጣል፣ ይሽከረከራል። የሚሽከረከር ነገር በእጁ ሊይዝ የሚሞክር ሰው ጣቱን ያጣል። ስለዚህ ሳይነኩ ከሩቅ የሚገፉበት መሣሪያ ተፈለገ፤ እርሱም ሌዘር ነው።

ሌዘር ሲባል በሲኒማ እንደሚታየው ጠላትን ብትንትን የሚያደርግ እሳት እንዳይመስላችሁ። ብትንትኑ ቢወጣማ ጥራጊው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አሠራሩ እንዲህ ነው። አጭርና ብርቱ የብርሃን ምት በስብርባሪው ፊት ላይ ሲያርፍ እጅግ ስስ የሆነውን ላይኛውን ገጽ ወደ ተን ይለውጠዋል። ተኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈናጠር ዕቃው ወደ ተቃራኒው ይገፋል፤ ፊኛ ነፍቶ አፉን የለቀቀ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ግፊቱ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ይደጋገማል። ምቱ ከፊት ለፊት ሲያርፍ ፍሬን ይሆናል። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ዕቃ ከፍጥነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ቢቀነስበት፣ ጎዳናው በአንድ ወገን ወደ አየሩ ዝቅ ይልና የቀረውን ሥራ አየሩ ራሱ ይፈጽመዋል።

አሜሪካኖች በ1996 ዓ.ም. ኦርዮን በተባለ ጥናት ሌዘሩን ከምድር ላይ ለመተኰስ አስበው ነበር። አየር ግን ብርሃኑን ያዛባዋል። ጃፓኖች ሌዘሩ ራሱ በሳተላይት ተጭኖ ይውጣ አሉ። ስካይ ፐርፌክት ጄሳት የተባለው ኩባንያ ሪኬን ከተባለው የምርምር ተቋም ጋር ዕቅዱን ያስታወቀው በ2020 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ በ2024 ዓ.ም. ኦርቢታል ሌዘርስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። የመጀመሪያ አሳባቸው በጣም ልከኛ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ የሚሽከረከረውን ማረጋጋት፣ ከዚያ ሌላ መንኵራኵር ቀርቦ እንዲይዘው ማድረግ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የሞተውን የሚገፋ ሌዘር ሕያውንም ሊገፋ ይችላል፤ የስለላ ሳተላይት ዓይን ሊያጠፋም ይችላል። ማን ያምናል? ደግሞም በ1967 ዓ.ም. ውል መሠረት በጠፈር ያለ ዕቃ ቢሞትም ባለቤትነቱ አይለወጥም። የጎረቤት በሬ በመንገድ ላይ ቢሞት እንኳ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ቆዳውን አይገፉትም። ከትልቁ ጥራጊ አብዛኛውን የጣሉት ሦስቱ ኃያላን ናቸው፤ የመጥረጊያውንም ዋጋ ሊከፍሉ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው ባይ ነን።

ካሣ የተከፈለበት ጊዜ አለ። በ1978 ዓ.ም. የአቶም ኃይል ማመንጫ የያዘው ኮስሞስ 954 በካናዳ በረዶ ላይ ሲወድቅ ካናዳ ስድስት ሚሊዮን ያህል የካናዳ ዶላር ጠይቃ፣ ሶቪየቶች በ1981 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ለመክፈል ተስማሙ። ይህ የሆነው ጕዳቱ በምድር ላይ ስለ ደረሰ ነው፤ የ1972ቱ ውል በምድር ላይ ለሚደርሰው ጕዳት ጥፋተኛ ማነው ብሎ አይጠይቅም። በጠፈር ላይ ለሚደርሰው ግን ጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። በሌዘር የተገፋ ቀፎ ጎዳናውን ለውጦ የሌላ አገር ሳተላይት ቢመታ፣ ጥፋቱ የገፊው ይሁን የጣዩ፣ ውሉ የተጻፈው እንዲህ ያለ መጥረጊያ ከመታሰቡ በፊት ነውና በግልጽ አይናገርም።