የራስ አሳብና የቅኔ ቤት ሥርዓት

የዛሬ ወጣት በራሱ አእምሮ ማሰብ ያቃተው አባቶቻችን በቃል ማጥናትን ብቻ ስላወረሱን ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም።

የቤተ ክህነት ትምህርት በቃል ጥናት መጀመሩ እውነት ነው። ሆኖም ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። አስቀድሞ የግእዙን ግስ ያጠናል፤ ከዚያም 2 ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ወዳለ ሥፍራ ሄዶ ሰሙንና ወርቁን ሲያስማማ ይቆይና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። በዋሸራም ሆነ በዋድላ ወይም በጎንጅ ቅኔ የሚከበረው አዲስ ሲሆን ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዓይናቸው ሳያይ በጐጃም የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት በዚሁ መንገድ ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ፥ ተማሪውን «ራስህን ችለህ አስብ» እያሉ አለመስበካቸው ነው። ግሱን ሰጡት፤ ጊዜ ሰጡት፤ ያሰበውንም ቁጭ ብለው ሰሙት።

እኛስ? ድርሰት ጻፉ ስንባል አንዱ የጻፈው በእጅ ስልክ ሲዞር ያድርና ጧት በብዙ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አይለወጥም! አባቱን ስለ ተቃወመ ብቻ ነጻ አሳብ ያለው የሚመስለውም አለ፤ ነገር ግን የሚናገረው ከጓደኛው የሰማውን ነው። ወደ 11ኛ ክፍል አልፈን የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ስንመርጥ ይኸው ይታያል። አባት «ሐኪም ሁን» ይላል፤ ጓደኛ «አብረን እንሁን» ይላል፤ ተማሪውም ምን እንደሚወድና ምን እንደሚችል ራሱን ሳይጠይቅ ከሁለቱ አንዱን ይከተላል። ምርጫው ግን የዕድሜ ልክ ሥራውን የሚነካ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፥ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከማንም ያልቀዳነውን አሳብ ቆመን እንድንናገርና ስሕተታችን በፊታችን እንዲታረም ነው። ወላጆችም ማታ «ምን ተማርህ?» ካሉን በኋላ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብለው መልሳችንን እስከ መጨረሻው ቢሰሙን ደስ ይለናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሳቂያ መሆናችን አይቀርም። ተማሪው ብዙ ስለ ሆነ ጊዜ አይበቃም የሚባል ከሆነም 10 10 እየሆንን ተራ መያዝ እንችላለን።