«ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት

በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድመን የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከራዲዮ ክበባችን ሦስት መቀበያዎች አንዱ ጠባዩ ተለወጠ። ሹሹታ ብቻ ሆነ፤ ቅርብ ያሉት ጣቢያዎች እንኳ ከሩቅ እንደሚያቃስት ሰው አልፎ አልፎ ነበር የሚሰሙት። እኛም የክበቡ ኮሚቴ አባላት ሳንውል ሳናድር ወረቀት ቀደድንና «ተበላሽቷል» ብለን ለጠፍንበት። ይህ አልበቃ ብሎን ከሥሩ መጨረሻ የተጠቀመችበትን እጩ መምህርት ስም አሰፈርን። «ማን ነካው?» ለሚል ሁሉ መልሱ ተጽፎ ተቀመጠ ማለት ነው። እኅታችን ወረቀቱን አንብባ ምንም አላለች። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ክበቡ አልመጣችም።

ከሁለት ወር በኋላ መሳቢያው ሲጸዳ አንድ አሠልጣኝ መምህራችን መቀበያውን አንሥተው በሌላ ኬብል አያያዙት። ሸገር 102.1 ጥርት ብሎ ተሰማ! የተበጠሰው የአንቴናው ኬብል ነበር። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከማያያዣው አንገት ላይ ተቆርጣለች። ያን ኬብል በየቀኑ ስናጥፍና ስንዘረጋ የከረምነው ደግሞ ሁላችንም ነን። መምህራችን «የታመመው ሌላ፣ የተቀበረው ሌላ» ብለውን ወጡ። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ታዲያ ይህ ነገር ከአንድ ኬብል በላይ ስለሆነብን ነው በግድግዳ ጋዜጣችን ልንጽፍበት የተነሣነው።

መሣሪያውን ለማያውቁት በአጭሩ እናስረዳ። በመጠኑ ፍላሽ የሚያክል፣ ከኮምፒዩተር ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቀበያ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ዲጂታል ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ለማየት ነበር። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የራዲዮ አፍቃሪዎችና ፕሮግራም ጸሐፊዎች በውስጡ ያለው አር ቲ ኤል 2832 ዩ የተባለው የሪልቴክ ቺፕ ከአየር የለቀመውን ሳያጣራ፣ ጥሬውን ለኮምፒዩተር ማስረከብ እንደሚችል አወቁ። ከዚያ በኋላ ርካሹ የቴሌቪዥን ዕቃ ሰፊ የራዲዮ መቀበያ ሆነ። አር 820 ቲ የተባለው ቃኚ ቺፕ ያለበት ዓይነት ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ገደማ ይደርሳል። በአሮጌው ራዲዮ ጣቢያ የሚለየው ጥቅልል ሽቦና ኮንደንሰር ነበር። በዚህኛው ግን መሣሪያው በሴኮንድ እስከ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል እንጂ የቀረውን ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው።

ስለሆነም ብልሽቱ ሊደበቅ የሚችልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አንቴናና ኬብሉ አለ፤ መሣሪያው ራሱ አለ፤ የዩኤስቢው መስመር አለ፤ ሶፍትዌሩ አለ፤ በመጨረሻም አየሩ ራሱ አለ። እኛ ግን አምስቱንም ቤት ሳናንኳኳ አንዱን ዘግተን በላዩ ላይ ስም ለጠፍንበት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ!

ከዚያ በኋላ ከመምህራችን ጋር ተቀምጠን ሥርዓቱን በተራ ተማርን። መጀመሪያ ኬብሉ። ሁለቱንም ጫፍ ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው፤ መካከለኛው ሽቦ ከጫፍ ጫፍ ሊጮህ ይገባል፣ መካከለኛውና የውጩ ጥልፍ ግን ሲነካኩ ሊጮሁ አይገባም። ይህ ሥራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግማሽ ደቂቃ ብንሠራ ኖሮ እኅታችንን ባላስቀየምናት ነበር።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን አውቆታል ወይ? ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ድራይቨር ቀድሞ ይይዘዋል፤ የእኛ ፕሮግራም ሲመጣ «ተይዟል» ይባላል። ያንን ድራይቨር ማገድ ነው መድኃኒቱ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዛዲግ በተባለው ፕሮግራም ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ጤነኛ መሣሪያ «ሞቷል» ተብሎ ይሆን?

ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ ናሙና እየጠፋ ሊሆን ይችላል። አብሮት የሚመጣው መፈተሻ ፕሮግራም የጠፋውን ቆጥሮ ያሳያል። ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ መሞከር፣ ረጅሙን መቀጠያ በአጭር መለወጥ፣ ናሙናውን ከ2.4 ሚሊዮን ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ ማድረግ ነው። መሣሪያው መሞቁን አይተው የሚደነግጡም አሉ። ጥቂት መቶ ሚሊአምፔር በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ቢኖር አይገርምም፤ መሞቁ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ጣቢያው ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ቢገኝስ? እዚህ ላይ ሒሳብ አስተማሪዎች ለምንሆነው ጥሩ ምሳሌ አለ። በርካሾቹ መቀበያዎች ውስጥ ያለው ክሪስታል ከአንድ ሚሊዮን 50 ያህል ቢስት፣ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ ስሕተቱ 5 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ በ1,000 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ 50 ኪሎኸርዝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ማረሚያ ቦታ አለ። ግን መሣሪያው ሲሞቅ ክሪስታሉም ስለሚንሸራተት እስኪረጋ ጥቂት ጠብቆ ማረም ይሻላል።

ሌላው አሳሳች ነገር የማጉያው ልክ ነው። ሲያንስ ምንም አይሰማም፤ ሲበዛ ደግሞ በሌለበት ጣቢያ ይሰማል። በከተማ ውስጥ ኃይለኞቹ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች መቀበያውን ሲያጥለቀልቁት የአንዱ ድምፅ በማይገባው ቦታ ብቅ ይላል። ማጉያውን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት እንግዳው ፈጥኖ ከጠፋ፣ የተወለደው እዚያው መቀበያው ውስጥ ነው ማለት ነው። ሹሹታው በዝቶ ካስቸገረ ደግሞ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ መሞከር፣ አምፖሉንና በአጠገብ ያለውን ቻርጀር አንድ በአንድ ማጥፋት ነው። «አንድ በአንድ» የሚለው ይሰመርበት! ሦስቱን ባንድ ጊዜ ያጠፋ ሰው የትኛው ጥፋተኛ እንደነበረ አያውቅም።

አንዳንዴም ብልሽቱ ከቤታችን ውጭ ነው። አንድ ባልደረባችን በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከኖአ ሳተላይቶች የደመና ሥዕል ለመቀበል ስንት ምሽት ደከመ! አንቴናውን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። ለካስ ያንን ሥዕል ይልኩ የነበሩት ኖአ 15፣ 18 እና 19 እ.ኤ.አ. በ2025 ከሥራ ወጥተው ኖሯል። የቆየ መመሪያ ይዞ ዝም ያለ ሰማይ ሲያዳምጥ ነው የከረመው። ስለዚህ «የምጠብቀው ምልክት ዛሬም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ከምርመራው ክፍል አንዱ ነው።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ብልሽት የለም አንልም። ከውጭ በተሰቀለ አንቴና የሚመጣ ኤሌክትሪክ የመቀበያውን የመግቢያ ክፍል ይገድላል፤ መብረቁ በቀጥታ መምታት እንኳ አይጠበቅበትም። አንቴናው ቢሰካም ቢነቀልም ለውጥ ከሌለ፣ በደኅና ኬብልና በሌላ ኮምፒዩተርም ያው ከሆነ፣ ያን ጊዜ መጠርጠር ተገቢ ነው። የለቀቀ የዩኤስቢ ወይም የአንቴና ማያያዣ በቀጭን መበየጃና በማጉያ መነጽር ይድናል። የተቃጠለ ቺፕ መለወጥ ግን ከእኛ ዕቃና ከእኛ እጅ በላይ ነው፤ ይህንንም ማመን ያስፈልጋል። የሚበጀው ክረምት ሲገባ ደመናው ሳይጠቁር አንቴናውን መንቀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «ይህ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እጩዎች ቢፈታቱት ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንንቀውም። ግን ከላይ ከዘረዘርነው ውስጥ ከብየዳው በቀር ሣጥኑን መክፈት የሚጠይቅ የትኛው ነው? አንድም የለም። ንብረት የሚጠፋው በመመርመር ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ቆልፎ ማስቀመጥም ማጥፋት ነው። እንዲያውም ይኸኛው የባሰ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትምና።

ደግሞስ ነገ የት ነው የምንሄደው? ብዙዎቻችን የምንመደበው ጠጋኝ ከማይገኝበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንድ ማይክሮስኮፕ ወይም አንድ ኮምፒዩተር ዝም ሲል የሚጠሩት የሳይንስ አስተማሪውን ነው። ያን ቀን ወረቀት ቀድደን ልንለጥፍ ነው?

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። ሒሳብ ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ የሚጽፍ አስተማሪና መቀበያው ላይ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚለጥፍ ኮሚቴ አንድ ናቸው። ልጁ ምናልባት ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ ምናልባት ቁርስ አልበላ ይሆናል፤ ምናልባት ባለፈው ዓመት አንድ ምዕራፍ አምልጦት ይሆናል። ኬብሉን ሳንለካ መሣሪያውን የምንኮንን ሰዎች፣ ልጁንስ መርምረን እንፈርዳለን ብሎ ማን ያምነናል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በክበቡም ሆነ በቤተ ሙከራው ማናቸውም ዕቃ በተራ ሳይመረመር «ተበላሽቷል» አይባል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ደብተር ይኑረው፤ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተሞከረ፣ ምን እንደተገኘ ይጻፍበት፤ የጥፋተኛ ስም ግን አይጻፍበት። ሦስተኛ፣ አሠልጣኝ መምህራኖቻችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ከእኛ ጋር ይቀመጡልን።

ያቺን ወረቀት ቀደን ጥለናታል። ለእኅታችን በግል ይቅርታ ጠይቀናል፤ ስሟን ያነሣነው በአደባባይ ነውና ይቅርታውንም ዛሬ እዚሁ በአደባባይ እንደግመዋለን። መቀበያው በአዲስ ኬብል ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ደብተር የምትይዘው እሷ እንድትሆን ወስነናል፤ እሺ ካለችን።